ሲሞቅ አልነሳ የሚል ላዳ፣ ዲኤክስና ቮልስ፦ ለየትኛው ችግር የትኛው መፍትሔ?

ጠዋት በአንድ ቁልፍ የሚነሳ መኪና ከአዳማ ሽቅብ ወጥቶ ቃሊቲ ላይ ሩብ ሰዓት ከቆመ በኋላ አልነሳ ይላል። አንድ ሰዓት ያህል ሲያርፍ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ይነሳል። ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅል ዕቃ) ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ይህ የታወቀ ጠባይ ነው፤ የሚድንም ነው። ገንዘብ የሚባክነው መፍትሔው ሲገዛ ነው። አንዱ መካኒክ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይግዙ ይላል፤ ሌላው ካርቡሬተሩን ይቀይሩት ይላል፤ ሦስተኛው ለብልጭታ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ኮይሉ ነው ብሎ ይምላል። ሁሉም እውነት የሚሆንበት መኪና አለ፤ ነገር ግን አንዱን በሽታ የሚያድነው ዕቃ ሌላውን ያባብሳል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ሞተሩ በቤንዚን ታፍኖ ከሆነ በመጀመሪያ በካርቡሬተሩ የቤንዚን ቋት ውስጥ ወለሉን የሚወስነው የተንሳፋፊው ልክና የቤንዚን መግቢያውን የምትዘጋው መርፌ፣ ቀጥሎ ከካርቡሬተሩ ሥር የሚገባ፣ ሙቀት የማያሳልፍ ስፔሰር። ቤንዚን ካልደረሰው ትርፉን ወደ ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንከር) የሚወስድ የመመለሻ መስመር፤ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብልጭታ ከጠፋ ከኮይሉ በፊት ዲስትሪቢውተሩ ላይ ያለው ትንሹ ኮንደንሰር። የማስነሻው ሞተር፣ ሞተሪኖው፣ ካልዞረ ደግሞ ከሞተሪኖው በፊት ሽቦዎቹ። የሚቀረው ሥራ መኪናዎ ከአራቱ የትኛው ላይ እንዳለ ማወቅ ነው።

መጀመሪያ ምርመራው፣ መኪናው እንደሞቀ

ምርመራው የሚሠራው አልነሳም ባለበት ሰዓት፣ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ጋራዥ ደርሶ ሲቀዘቅዝ ማስረጃው ይጠፋል። የሚያስፈልገው የካንዴላ ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ አንድ ትርፍ ካንዴላና ከተገኘ መልቲሜትር ነው። የእሳት ማጥፊያም በእጅ ይሁን፤ የጋለ ሞተር አጠገብ ክፍት ቤንዚን መኖሩን አይርሱ።

ቁልፉን ሲያዞሩ መጀመሪያ ያዳምጡ። ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም ካለ፣ ወይም እየጎተተ በዝግታ ከዞረ ስለ ቤንዚን አያስቡ፤ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ክፍል ይሂዱ።

ሞተሪኖው እንደ ወትሮው የሚዞር ከሆነ ቁልፉን ዘግተው የአየር ማጣሪያውን ክዳን ይክፈቱ። ቾኩ (ጉሮሮው ላይ ያለው የአየር መዝጊያ) የተዘጋ ከሆነ በጣት ገፍተው ይክፈቱት፤ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቾክ ተዘግቶ ከቀረ ምክንያቱ ያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ እየተመለከቱ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅ አንዴ ይሳቡ። ቀጭን የቤንዚን ፍንጥቅታ ከታየ ቋቱ ውስጥ ቤንዚን አለ። ምንም ካልወጣ ቋቱ ደርቋል፣ ወይም ፍንጥቅታውን የሚገፋው የመርጫው ጎማ አርጅቷል፤ ሁለቱን ለመለየት መኪናው ቀዝቃዛ ሲሆን ይድገሙት። ሳይነኩት ቤንዚን ወደ ውስጥ ሲንጠባጠብ ካዩ፣ ግድግዳው ከራሰና ሽታው አፍንጫ የሚቆርጥ ከሆነ ሞተሩ ታፍኗል።

የብልጭታው ፈተና የሚቀጥለው የማጣሪያው ክዳን ከተመለሰ በኋላ ነው። ትርፉን ካንዴላ ከአንዱ ገመድ ጋር አያይዘው፣ ከካርቡሬተሩ ርቆ ብረቱ የሞተሩን አካል እንዲነካ አድርገው ያስቀምጡትና ሰው ሞተሪኖውን ያዙርልዎ። ሰማያዊና የሚሰማ ድምፅ ያለው ብልጭታ ጤነኛ ነው። ቢጫ፣ ቀጭንና የሚቆራረጥ ከሆነ የማቀጣጠያው ወገን ተጠያቂ ነው።

ደጋ ላይ ለምን ይብሳል?

ሞተሩ ሲጠፋ ውኃውም ማራገቢያውም ይቆማሉ፤ በማኒፎልዱ (አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት ቧንቧ) እና በቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ያለው ሙቀት ግን ወደ ላይ መውጣቱን አያቆምም። ካርቡሬተሩ በጣም የሚግለው ሲነዱት አይደለም፤ ከጠፋ በኋላ ባሉት ከ10 እስከ 30 ደቂቃዎች ነው። የቤንዚን ቀላሉ ክፍል በባሕር ጠለል ላይ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መፍላት ይጀምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፣ ውኃም 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቤንዚኑም እንዲሁ ቀድሞ ይፈላል። ቆላ ላይ የሚያሰቃየው የአየሩ ሙቀት ነው፤ ደጋ ላይ ደግሞ ረጅሙ ዳገትና የሳሳው አየር ተደጋግፈው ያንኑ ያደርጋሉ። ከአዳማ የሚመጣ መኪና ሞተሩን አግሎ ግፊት ወዳነሰበት ቦታ ይደርሳል።

የቤንዚኑ ዓይነትም ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ 5 በመቶ፣ ኋላም 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲሸጥ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ቮልስ የሚነዱ ወገኖችም የሚቀዱት ባብዛኛው 10 በመቶ ኤታኖል ያለበትን ነው። በዚህ መጠን የሚገባ ኤታኖል ቤንዚኑ ቶሎ እንዲተን ያደርጋል፤ ለአልኮል ያልተሠሩ አሮጌ የጎማ ቱቦዎችንና የፓምፕ ዲያፍራሞችንም ያበላሻል።

የሞተሩ አሠራርም ይለያያል። በላዳ 2101፣ 2105 እና 2107፣ እንዲሁም ባለ 4ኬ ሞተር ዲኤክስ ላይ የአየር መግቢያውና የጭስ መውጫው ማኒፎልድ በአንድ ወገን ስለሆኑ ካርቡሬተሩ በጋለ ብረት ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቮልስ ላይ ካርቡሬተሩ ከጭስ መውጫው ይርቃል፤ የቤንዚን ፓምፑ ግን በቀጥታ በሞተሩ አካል ላይ የታሰረ ነው። ስለዚህ ላዳና ዲኤክስ ብዙ ጊዜ ይታፈናሉ፣ ቮልስ ብዙ ጊዜ ይጠማል፣ ማለት ቤንዚን አይደርሰውም። ይህ ዝንባሌ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ፍንጥቅታውን ሳያዩ አይወስኑ።

ሲታፈን፦ ተንሳፋፊ፣ ስፔሰር ወይስ አዲስ ካርቡሬተር?

ለጊዜው ለማስነሳት የነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠው ሳይለቁ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ሞተሪኖውን ያዙሩ። ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ክልክል ነው፤ እያንዳንዱ እርግጫ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ካልተነሳ ግማሽ ደቂቃ አሳርፈው አንድ ጊዜ ይድገሙ።

ለዘለቄታው የመጀመሪያው ምርጫ የተንሳፋፊው ልክ ነው፤ ዋጋውም ከጊዜ በቀር ምንም አይደለም። የቤንዚኑ ወለል ከልክ በላይ ከሆነ ትንሽ ሲፈላ ወዲያው በጂግለሮቹ (ቤንዚን በሚያሳልፉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች) በኩል ወደ ማኒፎልዱ ይፈሳል። በላዳው ኦዞን ካርቡሬተር የላይኛው ክዳን በአምስት ብሎን የታሰረ ነው። ክዳኑን ፈትተው ወደ ጎን በማቆም ተንሳፋፊው እንዲንጠለጠል ያድርጉ፤ የተንሳፋፊው ምላስ የመርፌዋን ኳስ ነክታ ሳትጫናት በተንሳፋፊውና በጋስኬቱ መካከል 6.5 ሚሊ ሜትር ሊኖር ይገባል፣ ስሕተቱም ከሩብ ሚሊ ሜትር አይለፍ። የ6.5 መሰርሰሪያ ጀርባ ጥሩ መለኪያ ነው። ካልገጠመ ምላሷን በጥቂቱ ያጥፉ። የተንሳፋፊው ሙሉ እንቅስቃሴ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ልክ መውሰድ የሚገባው ጋስኬቱ በቦታው ሆኖ ነው፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ዲኤክስ ላይ ሥራው ይቀላል፦ የአይሲን ካርቡሬተር ጎኑ ላይ ትንሽ መስታወት አለው፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ወለሉ መካከል ላይ መታየት አለበት።

ተንሳፋፊውን ጆሮዎ አጠገብ ያንቀጥቅጡት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ተቀድዷልና ይለወጥ። መርፌዋን ለመፈተሽ ክዳኑን ገልብጠው ተንሳፋፊው በክብደቱ እንዲዘጋት ያድርጉና በቤንዚን መግቢያው በኩል በአፍ ይንፉ። አየር ካለፈ መርፌዋና መቀመጫዋ አብረው ይለወጣሉ፤ መርፌዋን ብቻ መለወጥ ብዙም አይጠቅምም።

ልኩ ከተስተካከለ በኋላም የሚታፈን ከሆነ ስፔሰር ያስገቡበት። ከካርቡሬተሩና ከማኒፎልዱ መካከል የሚገባ፣ ከባክላይት የተሠራ፣ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ነው። ላዳ ሲሠራም እንዲህ ያለ ሰሌዳ ነበረው፤ ብዙ መኪኖች ላይ በጥገና ብዛት ተሰብሮ ተጥሎ በቀጭን ጋስኬት ተተክቷል፤ ስለዚህ አዲስ ነገር ከመጨመርዎ በፊት የነበረው መኖሩን ያረጋግጡ። ከአሉሚኒየም ተሠርቶ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ስፔሰር ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ሙቀቱን እንዳለ ያሳልፋል። ሲገጥሙ ከላይም ከታችም ጋስኬት ያስፈልጋል። የማኒፎልዱ ባለ ጥርስ ዘንጎች አጥረው እንደሆነ በረጃጅም ይተኩ፤ ፍሬው በሁለት ጥርስ ብቻ ተንጠልጥሎ አይቅር። በቁጥር 13 ቁልፍ በተቃራኒ ማዕዘን ተራ በተራ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ብቻ ያጥብቁ። ሲግል በኃይል የታሰረ ካርቡሬተር መሠረቱ ይጣመምና አየር ያስገባል፤ ከዚያ ወዲያ በዝግታ ሲሠራ ሞተሩ አይረጋም። መጨረሻ ላይ የነዳጅ መስጫው ዘንግ ሙሉ በሙሉ መከፈቱንና ኮፈኑ የአየር ማጣሪያውን አለመንካቱን ይዩ።

ከስፔሰሩ ጋር የሚሄደው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ከጭስ ማኒፎልዱ በላይ ሲዘረጋ ከታች የሚመጣውን ግለት ይመልሳል። በቆርቆሮውና በማኒፎልዱ መካከል ቢያንስ የ10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ ከተነካካ ራሱ ምድጃ ይሆናል። ብቻውን ትንሽ ይረዳል፤ ከስፔሰር ጋር ግን ጥሩ ነው።

አዲስ ካርቡሬተር የመጨረሻው አማራጭ ነው። ርካሹ ቅጂ ሲመጣ የጂግለሮቹ ቁጥር ከሞተርዎ ጋር ላይገጥም ይችላል፣ የተንሳፋፊው ልክም ተስተካክሎ አይመጣም፤ ስለዚህ ከላይ የተባለውን ሥራ አዲሱ ላይም መሥራትዎ አይቀርም። የሚገዛው የስሮትሉ ዘንግ ቤቱን በልቶ ሲወዛወዝ ወይም አካሉ ሲሰነጠቅ ነው።

ሲጠማ፦ የመመለሻ መስመር ወይስ የኤሌክትሪክ ፓምፕ?

ቤንዚኑ በቱቦው ወይም በፓምፑ ውስጥ ሲተን ፓምፑ እንፋሎት ይጨምቃል እንጂ ፈሳሽ አይገፋም። መንገድ ላይ ፓምፑንና ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ይበጃል። የላዳ ፓምፕ የእጅ ማንሻ አለው፤ ጨርቁን ካደረጉ በኋላ ተቃውሞ እስኪሰማ ድረስ በእጅ ይምቱት።

ምንም ከመግዛት በፊት ቱቦው የት እንደሚያልፍ ይከተሉ። ከጭስ መውጫው ወይም ከራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ጋር የተጎራበተ ከሆነ ያርቁት። ስንጥቅ ያለበት አሮጌ ጎማ አየር ይስባል፤ በብርድ አይታወቅበትም፣ ሲሞቅ ግን ፓምፑን ያደክመዋል። የሰልባትዮው መተንፈሻ ከተደፈነ ምልክቱ ተመሳሳይ ነው፦ ክዳኑ ሲከፈት አየር እየጮኸ ከገባ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ላዳ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ፓምፑን ከሙቀት ለመከላከል ተብሎ ከሥሩ ጋስኬት ይደራረባል። ፓምፑን የሚገፋው ዘንግ በዝቅተኛ ቦታው ሲሆን ከጋስኬቱ በላይ ከ0.8 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር መውጣት አለበት። ከዚያ ካነሰ ፓምፑ ግማሽ ሥራ ይሠራል፤ በቀዝቃዛ ሰዓት ይበቃል፣ ሲሞቅ ይወድቃል። ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ዘንጉ ዝቅ ያለበትን ቦታ ፈልገው ይለኩ፤ የጋስኬቶቹን ውፍረት በዚያ ይምረጡ። ቮልስ ላይም ከፓምፑ ሥር ያለው የባክላይት መቀመጫ እንዳይጣል።

ከዚህ በኋላ የእኛ ምርጫ የመመለሻ መስመር ነው። አሳቡ ቀላል ነው፦ ቤንዚኑ አንድ ቦታ ቆሞ እንዳይግል ትርፉ ሁልጊዜ ወደ ሰልባትዮ ይመለሳል፣ እንፋሎቱም አብሮ ይወጣል። ላዳ 2105 እና 2107 ይህ መስመር ኖሯቸው የመጡ ብዙ ናቸው፤ ተቆርጦ ወይም በብሎን ተደፍኖ ይገኛል። ዲኤክስ ላይም ፓምፑ ሦስተኛ አፍንጫ ካለው መመለሻው እሱ ነው፤ የተደፈነውን መክፈት ብቻ ሊበቃ ይችላል። መስመር ጨርሶ የሌለው መኪና ላይ ባለ ሦስት አፍንጫ የቤንዚን ማጣሪያ ከፓምፑ በኋላ፣ ከካርቡሬተሩ አጠገብ ይገባል። የመመለሻው አፍንጫ ወደ ላይ ይዙር፣ እንፋሎት የሚሰበሰበው ከላይ ነውና። ቀዳዳው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የጠበበ መሆን አለበት፤ ሰፊ ከሆነ ቤንዚኑ በሙሉ ይመለስና መኪናው ዳገት ላይ ይጠማል። ወደ ሰልባትዮው የሚገባበትን አፍንጫ የነዳጅ መለኪያው ክዳን ላይ፣ ክዳኑን ፈትተው ከመኪናው አርቀው ያስገጥሙ። ሰልባትዮ ላይ ብየዳ አይሠራም፤ ባዶ ሰልባትዮ ውስጥ ያለ የቤንዚን ተን ይፈነዳል።

የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚበልጥበት ቦታ አለ። ከሰልባትዮው አጠገብ፣ ከቤንዚኑ ወለል በታች ሲታሰር ቤንዚኑን ከኋላ ይገፋዋል፤ በግፊት ያለ ቤንዚን ቶሎ አይተንም፣ የደረቀውን ቋትም ሞተሪኖው መዞር እንደጀመረ ይሞላል። ቆላ ውስጥ ለሚሠራ መኪና፣ ለቮልስም፣ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። የሚጎዳው ሳይታወቅ ሲገባ ነው። ከ0.15 እስከ 0.25 ባር የሚሰጥ የካርቡሬተር ፓምፕ መሆን አለበት። ኢንጄክሽን ካለው መኪና የወጣ ፓምፕ 3 ባር ገደማ ይሰጣል፤ መርፌዋ አትችለውም፣ ቤንዚኑ በሞተሩ ላይ ይፈሳል። የሚታፈን መኪና ላይ ደግሞ ትክክለኛው ፓምፕም ቢሆን ማፈኑን ያባብሰዋል።

የፓምፑ ገመድ በቀጥታ ከቁልፉ አይሳብ። በሪሌይ (በትንሽ ኃይል የሚታዘዝ ማብሪያ) እና በ10 አምፔር ፊውዝ ይሂድ፤ ሪሌዩም ሞተሩ ሲቆም ፓምፑን በሚያቆም የዘይት ግፊት ስዊች ይታዘዝ፣ ለማስነሻ ያህል ከሞተሪኖው መስመር ኃይል እያገኘ። ያለዚያ መኪናው ተጋጭቶ ቱቦ ሲቆረጥ ፓምፑ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። አሮጌው ፓምፕ ከወጣ ቦታው በሰሌዳና በጋስኬት ይደፈን። ቮልስ ላይ ማጣሪያውን ከሞተሩ ክፍል ውጭ ያድርጉት፤ ከዲስትሪቢውተሩ በላይ የተንጠለጠለ ፕላስቲክ ማጣሪያ ብዙ ቮልስ አቃጥሏል።

ብልጭታ ሲጠፋ

ኮንደንሰር ርካሽ ነው፣ ሲሞቅ የመውደቅ ልማድም አለው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ይለውጡና የኮይሉን መስመር እየከፈተ የሚዘጋውን የኮንታክት ፖይንት ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ያድርጉ፤ ይህ ልክ ለላዳም ለቮልስም ይሠራል። ፖይንቱ ተቃጥሎ ጉድጓድ ካወጣ ኮንደንሰሩ ቀድሞ እንደታመመ ምልክት ነው።

ኮይሉን ሳይለኩ አይግዙ። ለቀጥታ 12 ቮልት የተሠራ የላዳ ኮይል ዋናው ጥቅል 3 ኦም ገደማ ያሳያል። በቀዝቃዛውና አልነሳ ባለበት ሰዓት ይለኩ፤ ሲሞቅ በጥቂቱ መጨመሩ የጤና ነው፣ መስመሩ ከተቋረጠ ግን ሞቷል። 1.5 ኦም የሚለካ ኮይል ለብቻው ተቃዋሚ ሽቦ የሚፈልግ ዓይነት ነው፤ ያለ ተቃዋሚው በቀጥታ ከታሰረ ይግላል፣ ፖይንቱንም ይበላል። ብዙ ጊዜ «ኮይል አይበረክትለትም» የሚባልበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሞተሪኖው ሲሞቅ የማይዞር ከሆነ

መዳብ ሲግል የመቋቋም ኃይሉ ይጨምራል፤ በዝገት የደከመ ግንኙነት በብርድ ያሳለፈውን በሙቀት አያሳልፍም። መልቲሜትሩን በቮልት ላይ አድርገው ሞተሪኖው እየዞረ ይለኩ፦ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ የማሳው (የኔጌቲቩ) ሽቦ ይጸዳ ወይም ይለወጥ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ከ0.5 በላይ ከሆነ ወፍራሙ ሽቦ። ባትሪው ራሱ እያዞረ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ መጀመሪያ እሱን ቻርጅ ያድርጉ።

ቮልስ ላይ ከሁሉ የሚሻለው ሪሌይ ነው። የማስነሻው ምልክት ከፊት ካለው ቁልፍ ተነሥቶ ሙሉ መኪናውን አቋርጦ ኋላ ያለው ሞተሪኖ ላይ ይደርሳል፤ ሲደርስ ደክሟል፣ የጋለው ሶሌኖይድ (ሞተሪኖውን የሚያገናኘው ማግኔት) ደግሞ ብዙ ይፈልጋል። ባለ 30 አምፔር ሪሌይ ሞተሪኖው አጠገብ ይታሰር። ከቁልፉ የመጣው ሽቦ ከሶሌኖይዱ 50 ቁጥር ጫፍ ይነቀልና ከሪሌዩ 86 ጋር ይገናኝ፤ 85 ወደ ማሳ፤ 30 በፊውዝ በኩል ከሞተሪኖው ወፍራም የባትሪ ብሎን፤ 87 ወደ ሶሌኖይዱ 50። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይነቀል፣ ያ ወፍራም ብሎን ሁልጊዜ ኃይል አለበት። ከዚህ በኋላም ሲሞቅ የሚጎትት ከሆነ በማርሽ ሳጥኑ ቤት ውስጥ ያለችውን የሞተሪኖውን ዘንግ ቡሽ ይፈትሹ። ስትበላ ዘንጉ ያዘነብላል፣ ሞተሪኖውም ከራሱ ጋር ይታገላል። አዲስ ሞተሪኖ ገዝተው በተበላችው ቡሽ ላይ ቢገጥሙት እሱም እንደ አሮጌው ይጎትታል።